በልደት በዓል ማግሥት

ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ማዕዱ ሞልቶ ዘመድ ሲሰበሰብ፥ እግዚአብሔርን ማመስገን ቀላል ነው። የምስጋናችን እውነት ግን በማግሥቱ ይፈተናል። የቤተ ልሔም እረኞች ሕፃኑን አይተው በደስታ ሲመለሱ (ሉቃስ 2)፥ የጠበቃቸው ያው መንጋ ነበረ።

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ያለችው ዴራ፥ ከአርሲ ደጋ ዝቅ ባለ ስፍራ ናትና፥ ዝናም ሲያጥር የገበሬው አውድማ ይሳሳል። እንግዲህ በዓሉን ጠግቦ የዋለ ሰው ጎተራው የጎደለበትን ጎረቤቱን ያስብ፤ የጎደለበትም ጸሎቱን አይተው። ነጋዴ ሚዛኑን ያቅና፤ አሠሪ የሠራተኛውን ደመወዝ አያዘግይ፤ ተማሪም በትምህርቱ ይትጋ። በዓሉ ካለፈ በኋላ የሚጸና ምስጋና ይህ ነው።