የሕመም ፈቃድ ቀን አቆጣጠር
(በካንሰር ሕክምና ላይ ላለ መምህርና ለባልደረቦቹ)

ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የወረደ ሰው፣ ቴዎድሮስ አደባባይን ካለፈ በኋላ ብዙም ሳይርቅ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልን ያገኛል። ይህ ሆስፒታል ለሃያ ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር። ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም የመጣ የካንሰር ታማሚ በዚሁ ቁልቁለት ወርዷል፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። ከታማሚዎቹ መካከል መምህራን ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በአንድ እጃቸው የሆስፒታል ካርድ፣ በሌላው ያልታረመ ደብተር ይዘው ተራ ይጠብቃሉ።

እኛ ዕጩ መምህራን ስለ ትምህርት ዕቅድና ስለ ክፍል አያያዝ ብዙ እንማራለን። የታመመ መምህር ሥራውንና ደመወዙን እንዴት ይያዝ የሚለውን ግን ማንም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ አላሳየንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ሕመም ፈቃድና ስለ ሥራ ጫና ባጭሩ እንመለከታለን። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ የሕመም ፈቃድ እንደ ደመወዝ ሁሉ ተቆጥሮ የሚያልቅ ነገር ስለሆነ፣ ከሐኪም፣ ከዲሬክተርና ከባልደረቦች ጋር አስቀድሞ ተማክሮ መጠቀም ያስፈልጋል።

1. ሕጉ ምን ይላል?

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት መምህር መኖሩን እንለይ። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ነው። የፈቃዱ ርዝመትና ክፍያው እዚያ ለብቻው ስለተደነገገ፣ የመሥሪያ ቤቱን የሰው ሀብት ክፍል ጠይቆ መረዳት ይገባል። የግል ትምህርት ቤት መምህር ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር ይወድቃል። ከዚህ በታች የምንቆጥረው የዚህኛውን ነው።

በአዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም ምክንያት መሥራት ሲያቅተው የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ፈቃዱ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ ከ6 ወር አይበልጥም። ክፍያውም እንደሚከተለው ነው፦

ሀ) የመጀመሪያው 1 ወር፦ ሙሉ ደመወዝ፤
ለ) የሚቀጥሉት 2 ወራት፦ ግማሽ ደመወዝ፤
ሐ) የመጨረሻዎቹ 3 ወራት፦ ያለ ደመወዝ።

ሠራተኛው የቀረበትን ምክንያት በማግሥቱ ለአሠሪው ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ አለበት። አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅ ከሆነ ወይም ማሳወቅ የማይቻል ከሆነ የማሳወቁ ግዴታ ይነሣል። ቢሆንም ማስረጃውን በቃል ብቻ አንመነው። «ለዲሬክተሩ ነግሬአቸዋለሁ እኮ!» ማለት ነገሩ ወደ ክርክር ሲሄድ አይረዳም። ማስረጃ የሌለው መቅረት ከሥራ እስከ መሰናበት ሊያደርስ ስለሚችል፣ ወረቀቱን አስገብቶ ቅጂውን በእጅ ማስቀረት ያሻል።

አሁን አንድ ቃል ልብ እንበል። አዋጁ ፈቃዱ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ ሊወሰድ እንደሚችል ይገልጻል። ለካንሰር ታማሚ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

2. ስሌቱን እንሥራው

ለምሳሌ ያህል አንዲት የግል ትምህርት ቤት መምህርት በወር 9,000 ብር ታገኛለች እንበል። በቀን 300 ብር መሆኑ ነው። ለጡት ካንሰር በየ21 ቀኑ የሚሰጥ 8 ዙር የኬሞ ሕክምና ታዘዘላት። 8 በ21 ሲባዛ 168 ቀን ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ፦ 168ቱንም ቀን በተከታታይ ፈቃድ ትወጣለች። ለ30 ቀን ሙሉ፣ 9,000 ብር ታገኛለች። ለ60 ቀን ግማሽ፣ ሌላ 9,000 ብር ታገኛለች። ለቀሩት 78 ቀናት ምንም የለም። ድምሩ 18,000 ብር ነው። ጤነኛ ሆና ብትሠራ ኖሮ 50,400 ብር ታገኝ ነበር። ከስድስቱ ወር ፈቃድም የተረፋት 12 ቀን ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምናው ወይም ጨረሩ ቀርቶባት ከሆነ በምን ፈቃድ ትታከማለች?

ሁለተኛው መንገድ፦ ሐኪሙ ከፈቀደላት፣ ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ 7 ቀን ብቻ እያረፈች በቀሩት ቀናት ትሠራለች። የፈቃዱ ድምር 56 ቀን ይሆናል። 30ው በሙሉ 9,000 ብር፣ 26ቱ በግማሽ 3,900 ብር ያስገኛል። የ112 ቀን የሥራ ደመወዟ 33,600 ብር ሲጨመር 46,500 ብር ይደርሳል። የጎደለባት 3,900 ብር ብቻ ነው፤ ከፈቃዷም 124 ቀን ይተርፋታል።

ልዩነቱ ይኸው ነው። ለቤት ኪራይ፣ ለመድኃኒትና ለልጆች የሚሆን ገንዘብ የሚገኘው ወይም የሚጠፋው በዚህ አቆጣጠር ላይ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ይህንን የሚሰማው ፈቃዱን ከጨረሰ በኋላ መሆኑ ነው።

3. ሰውነት ግን ሒሳብ አያውቅም

እንግዲህ ታማሚ ሁሉ እየሠራ ይታከም ማለታችን አይደለም። አንዱ በሦስተኛው ቀን ይነሣል፤ ሌላው ሦስት ሳምንቱን ሙሉ ከአልጋ አይወርድም። የሚወስነው ሐኪሙና የታማሚው አቅም እንጂ የትምህርት ቤቱ ፕሮግራም አይደለም።

ሁለት ነገር በተለይ ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ኬሞ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስ ሰውነት ጀርም የመከላከል አቅሙ ይደክማል። ስልሳ ልጅ የሚያስልበት ክፍል ደግሞ የጉንፋን መናኸሪያ ነው። በዚህ ጊዜ ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ «ዛሬ ፈተና አለብኝ» ብሎ መቆየት የለም፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ነው። ሁለተኛ፣ ሕክምናው ባለቀ ዕለት ድካሙ አያልቅም። ለወራት ሊቆይ ይችላል። በእንቅልፍ ብቻም አይለቅም፤ ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ከመተኛት ይልቅ ሲረዳ ይታያል። ስለዚህ «ጨርሳለች፣ ፀጉሯም በቅሏል፣ አሁንማ ደኅና ነች» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

4. የሥራ ጫናውን ማቃለል

ከሕመሙ ይልቅ መምህርን የሚያደክመው ፍርሃት ነው። «ቦታዬን ሌላ ይይዘዋል» እያሉ ሕመምን ደብቆ ማስተማር በብዙዎች ላይ ደርሷል። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህ ነው። የበሽታውን ዝርዝር ለስታፉ ሁሉ ማውራት አያስፈልግም፤ ግን ዲሬክተሩና ዩኒት ሊደሩ የሕክምናውን ቀናት ማወቅ አለባቸው። ንግግሩም በግልጽ ቢሆን ይሻላል፦

— መምህርት፣ መቼ ነው ሙሉ በሙሉ የሚመለሱት?
— ሙሉ በሙሉ የምመለስበትን አሁን መናገር አልችልም፤ የሕክምናዬ ቀናት ግን እነዚህ ናቸው። በቀሩት ቀናት የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ብቻ ቢሰጡኝ እወጣዋለሁ።

ቀስ በቀስ ወደ ሥራ መመለስ በአብዛኛው በስምምነት የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ ጥያቄው በጽሑፍ ቢቀርብ ይመረጣል። ትምህርት ቤቱ ከልቡ ካሰበበት ብዙ ወጪ የለውም። ክፍሏን ከፎቅ ወደ ምድር ማውረድ፣ ተቀምጣ እንድታስተምር ወንበር መስጠት፣ የዕረፍት ሰዓት ጥበቃን ማስቀረት፣ የጠመኔ አቧራውን ተማሪ እንዲጠርግ ማድረግ ይበቃል። ደብተር ማረሙን ባልደረቦች ቢካፈሉት፣ ለአንዷ ሸክም የሆነው ለአሥር ሰው የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

5. ዕድሩና ስታፉ

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አካባቢ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። በእግሩ ሐኪም ቤት ይደርስ የነበረ ታማሚ ታክሲ ቀያያሪ ሆነ፤ ሾርባ ይዛ ብቅ የምትለው ጎረቤትም ራቀች። ዕድሮቻችን በአብዛኛው የተሠሩት ለቀብር ነው። ድንኳኑና ወንበሩ የሚመጣው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። በሕይወት ያለው ታማሚ ግን ያ ያለ ደመወዝ የሚያልፈው ወር ሲመጣ ማን ይድረስለት? አንድ የትምህርት ቤት ስታፍ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር እያዋጣ ለሕመም የሚሆን ሣጥን ቢያቋቁም፣ ያችን ባዶ ወር መሙላት ይችላል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ነገ ተራው የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ መምህር ወርኃዊ ደመወዙ 12,000 ብር ነው። በ8 ዙር ሕክምና ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ 10 ቀን ቢያርፍ፣ ስንት ቀን በሙሉ፣ ስንት በግማሽ ደመወዝ ያገኛል? ከፈቃዱስ ስንት ቀን ይተርፈዋል?
2. ለማስተማር ልምምድ በምትወጡበት ትምህርት ቤት የታመመ መምህር ክፍለ ጊዜ በማን ይሸፈናል? ጠይቃችሁ ተረዱ።
3. ካንሰር የማይተላለፍ በሽታ ሆኖ ሳለ ታማሚው የሚጠቀምበትን ብርጭቆ የሚለይ ባልደረባ ቢገጥማችሁ ምን ትሉታላችሁ?