ለመስቀል አገር ቤት ሄደህ ብትታመም

ልጄ፣ ዘንድሮም ለመስቀል ወደ ጉራጌ አገር መሄድህ አይቀርም። ዓመቱን ሙሉ በሽሮና በፓስታ የኖረ ሆድ በአንድ ቀን ሦስት ቤት ክትፎ ሲቀርብለት ቢቆጣ አይፈረድበትም። ያመመህ እንደሆነ እንዲህ አድርግ።

1. ይሉኝታህን አዲስ አበባ ትተኸው ሂድ። ሆድህ መላወስ እንደጀመረ ለአክስትህ ንገራት። ለአጎትህ አትንገር፣ አረቄ ነው የሚቀዳልህ። ደብቄ አልፈዋለሁ ብትልም ጓሮ ስትመላለስ የማያይህ የለም።

2. በክትፎው አታሳብ። ቅቤው ለመስቀል ተብሎ ሲጠራቀም የከረመ ነው፤ ሰንጋውም የዓመት ቁጠባ ነው። «ሆዴ ቅቤ አልለመደም» በል፤ ውሸትም አይሆንብህም።

3. ዋናው ይኸኛው ነው። ተቅማጥና ትውከት ሰውን የሚጥሉት ውኃውንና ጨውን ከሰውነቱ አሟጠው ነው። ከመሄድህ በፊት ከመድኃኒት ቤት ኦ አር ኤስ ግዛ፤ አንዱ ፓኬት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ነው፣ በብርጭቆ ከፋፍለህ አትበጥብጠው። ካጣህ ባለ አንድ ሊትሩን ሃይላንድ አፍልተህ ባቀዘቀዝከው ውኃ ሙላና 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምርበት። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ቢያስመልስህ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቀህ እንደገና ቀስ እያልክ ፉት በል። ምች ነው ብለው ዳማከሴ ቢያሹልህ አትቆጣ፣ ሽታውን እኔም እወደዋለሁ። ውኃውን ግን አይተካልህም። አረቄውማ ጭራሽ።

4. ካለፈው ዓመት ተርፎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ አሞክሳሲሊን ቢሰጡህ፣ አመስግነህ ተቀበልና አትዋጠው።

5. «በሞቴ» ሲሉህ እንዴት እምቢ ትላለህ? በአገራችን ያለ ጠብ የሚያስጥሉ ምክንያቶች ሁለት ናቸው፦ ጾምና ሐኪም። ጾሙ ለዚያን ዕለት አያዋጣህም፤ «ሐኪም ከልክሎኛል» በል። ሆድህ ሲረጋ ትንሽ ትንሽ ብላ፤ ባዶ ሆድ መድኃኒት አይደለም። እስክትድን ድረስ ግን ማንንም አታጉርስ፤ እጅህንም በሳሙና ታጠብ። ሕፃናቱ ከአንተ እንዳይዛቸው።

6. ሰገራህ ደም ከቀላቀለ፣ ውኃ እንኳ አልረጋ ካለህ፣ ሽንትህ ከጠፋ፣ ኃይለኛ ትኩሳት ወይም መቃዠት ከመጣ ነገ አትበል። ጤና ኬላው ለበዓል ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከተማ ውስጥ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ተረኛ አያጣም። አጎትህ ባለ ሞተር ወይም መኪና ፈልጎ ያደርስሃል፤ ድግሱን ጥሎ ቢሄድም ቅር አይለውም። የታመመው ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነማ እስከዚህም አትጠብቁ፣ በጊዜ ውሰዱት።

7. ከተመለስክ በኋላም ጉዳዩ አላለቀም። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ቢሰጥህ ምልክቱ የሚታየው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ነው። የመስቀሉ ክትፎ ወደ ታኅሣሥ ሒሳቡን ይጠይቅሃል ማለት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፣ አትፈር።

ከኮሶው ይልቅ የሚያሳስበኝ ወባው ነው። ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ዋናው የወባ ወቅት ነው፤ የጊቤ ሸለቆና አካባቢው ደግሞ ቆላ ነው። ስለዚህ እዚያ ስታድር አጎበር ውስጥ ተኛ። ወባ ከተነከስክ በኋላ ቢያንስ ሳምንት ያህል ሳይቆይ አያተኩስም፤ በበዓሉ ማግስት የያዘህ ትኩሳት እዚያ የተነከስከው ወባ አይደለም ማለት ነው። አዲስ አበባ ገብተህ ሥራ ከጀመርክ በኋላ ብርድ ብርድ ብሎህ ራስህን ከፈለጠህ ግን ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛ። በዚያው ቀን ሄደህ ደምህን ተመርመር። ሐኪሙ ስለ ጉዞህ ባይጠይቅህም አንተው ቀድመህ «ለመስቀል ቆላ ወርጄ ነበር» በለው።