ተማሮች ባንድ ድምፅ ስለ መመለሳቸው

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ባሉ መንደሮች ሕፃናት ተባብሮ መመለስን ከትምህርት ቤት ሳይገቡ አስቀድመው ያውቁታል። በቅዳሴ ጊዜ ካህኑና ዲያቆኑ ሲያዜሙ ሕዝቡ ተሰጥኦውን ይመልሳል፤ በወሎ መንዙማም አንዱ ያወጣል፥ የቀሩት ይቀበላሉ። ማታ በእሳት ዳር እንኳ አንዱ «እንቆቅልህ» ያለ እንደ ሆነ «ምን አውቅልህ» የሚለው ይከተለዋል። እንግዲህ አስተማሪ ልጆቹ ባንድ ድምፅ እንዲመልሱ ቢያደርግ፥ የለመዱትን ነገር ለትምህርት አዋለው እንጂ እንግዳ ነገር አላመጣባቸውም።

ጥቅሙም ግልጥ ነው። ብዙ ልጆች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ በተራ ቢጠየቅ፥ ለብዙዎቹ ተራው ሳይደርሳቸው ሰዓቱ ያልቃል። ባንድነት ሲመልሱ ግን የኹሉም አፍ ይፈታል። በቤቱ ኦሮምኛ ሲናገር ያደገ ልጅ፥ ደግሞም በሰው ፊት መናገር የምታፍር ልጅ፥ በጓደኞቻቸው ድምፅ ተከልለው አዲሱን ቃል ይለማመዳሉ።

ነገር ግን ይኸው መከለያ አለማወቅንም ይሰውራል። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በዜማ የሚያወርድ ልጅ፥ «ቀ»ን ለብቻዋ ቢያሳዩት ዝም ማለቱ ብዙ ጊዜ የታየ ነው፤ ምላሱ ተራውን ይዟል፥ ዓይኑ ግን ፊደሉን አላወቀም። በቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ ቀጥሎ አቡጊዳ መቈጠሩ ለዚህ መድኃኒት ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ፊደሉም ድምፁም ባንድ ጊዜ እየተለወጠ ስለሚሄድ፥ ልጁ በቃሉ የያዘው ተራ አይረዳውም፤ 33ቱ ፊደላት በየ7 ድምፃቸው የሚሰጡትን 231 ቅርጽ እያየ መለየት ግድ ይሆንበታል። እርግጥ አቡጊዳም ሲሰነብት በቃል ይያዛል፤ ስለዚህ የኔታ በእንጨት ወዲያና ወዲህ እያመለከተ ይጠይቃል።

አስተማሪም እንዲሁ ያድርግ። ጥያቄውን ተናግሮ ጥቂት ዝም ይበል፤ ከዚያም እጁን ሲያነሣ ኹሉም ባንድነት ይመልሱ። ዝምታው ካልቀደመ ኹለት ሦስቱ ፈጣኖች ይናገራሉ፥ የቀሩት የነዚያን ቃል ተከትለው ይጮኻሉ፤ ይህም የገደል ማሚቶ እንጂ መልስ አይደለም። ጥያቄው አጭርና መልሱ አንድ ብቻ የሆነ ይሁን። «7 ጊዜ 8 ስንት ነው?» ወይም «በኮምቦልቻ የሚያልፈው ቦርከና ወንዝ ነው ወይስ ተራራ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ሙቀቱ ስለ ምን ይጨምራል?» የሚለው ግን ለአንድ ልጅ ጊዜ ተሰጥቶት የሚብራራ ነው።

ከማኅበሩ መልስ በኋላ አንድ ኹለቱን ለብቻ መጠየቅ ይገባል። በእንቆቅልሽ ያቃተው ልጅ አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል፤ በክፍልም ያቃተው ሳይዋረድ መልሱን ከጓደኞቹ ይስማ፥ ጥቂት ቆይቶም ራሱ እንደ ገና ይጠየቅ።

ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙ ሽማግሌዎችም ከደጅ የልጆቹን ድምፅ ብቻ ሰምተው ደስ ብሏቸው እንዳይመለሱ፤ ገብተው ከኋላ ከተቀመጡት አንዱን ይጥሩና ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል ያስነብቡት።