በቤታችን ያለችው ደረሳ

 

 ሱረቱል ከህፍን ቀርታችሁ፣ በነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሶለዋት አውርዳችሁ፣ ወደ መስጂድ ከመውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስጡን። የዛሬው ማስታወሻ ስለ አንዲት ልጅ ነው። ስም አንሰጣትም፤ አንድ አይደለችምና። ቂርቆስ ውስጥ አለች፣ ካዛንቺስ ውስጥ አለች። ምናልባትም ይህን በምታነቡበት ሰዓት እናንተው ቤት ሽንኩርት እየላጠች ይሆናል።

እስኪ ታሪኳን አብረን እናስበው። የወሎ ልጅ ናት። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ገና 4ኛ ክፍል ነበረች። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከእናቷ ጋር በእግሯ ተሰደደች። ስትመለስ የክፍሏ ወንበር የለም፣ ሰሌዳውም ተሰባብሯል። እንደገና ጀመረች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ ትምህርት ቤቷ በድጋሚ ተዘጋ። ያኔ እናቷ ያላትን ብር ቋጥራ አዲስ አበባ ወዳለችው አክስቷ ላከቻት። ስትሸኛት ያለቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ሂጂና ተማሪ»።

ይህች ልጅ ብቻዋን እንዳልሆነች ቁጥሩ ይናገራል። በ2017 ዓ.ም. በአማራ ክልል ብቻ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ ነበሩ፤ ከ3 ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ነበር። በትግራይም እንዲሁ፤ ኮሮናና ጦርነቱ ተደራርበው ከአንድ ትውልድ ላይ ሦስት የትምህርት ዓመት ገደማ ወስደዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወንዱም ሴቷም ይጎዳሉ። ለሴቷ ግን የሚከፈቱላት ሌሎች በሮች አሉ፤ አንዱ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው፣ ሌላው በደላላ እጅ የዐረብ አገር ጉዞ ነው። ከባቲ፣ ከከሚሴ፣ ከሐርቡ ስንት ልጅ በዚያ በር እንደወጣች የወሎ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ለዚህች ልጅ ትምህርት ቤት ፊደል የምትቆጥርበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ከእነዚያ በሮች የሚያድናት ግድግዳም ነው።

እንግዲህ እናቷ «ተማሪ» ብላ ላከቻት። አዲስ አበባ ከገባች ግን ዓመት አለፋት፣ ትምህርት ቤት አልገባችም። ለምን? ብዙ ጊዜ የምንሰማቸው ሦስት ምክንያቶች አሉ። እያንዳንዳቸውን በዲናችን ሚዛን እናስቀምጣቸው።

የመጀመሪያው፦ «ጊዜው ክፉ ነው፣ ነፍስ ይቅደም። ትምህርቱ ሰላም ሲሆን ይደርሳል።»

ነፍስ ትቅደም መባሉ እውነት ነው። ትምህርት ይቆይ መባሉ ግን ከየት መጣ? ሱረቱ ተውባህን አስታውሱ። ሱራው ስለ ተቡክ ዘመቻ ብዙ የሚናገር ነው። በዚያው ሱራ በ122ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ) አማኞች ሁሉም በአንድ ላይ ለዘመቻ መውጣት እንደማይገባቸው፣ ከየወገኑ ዲኑን የሚማርና ወገኑን የሚያስተምር ቡድን መኖር እንዳለበት ነገረን። ሙፈሲሮች የሚማሩት የወጡት ናቸው ወይስ የቀሩት በሚለው ላይ የተለያየ ማብራሪያ ሰጥተዋል። በሁለቱም ማብራሪያ ግን ፍሬው አንድ ነው፤ ጦርነት ስላለ ዒልም አይቆምም።

ከበድር በኋላ የሆነውንም ተመልከቱ። ሙስሊሞቹ በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰባ ያህል ምርኮኞችን ያዙ። መዲና ያኔ ድሃ ነበረች፤ ብር ያስፈልጋታል፣ መሣሪያ ያስፈልጋታል። ሆኖም ኢማም አሕመድ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) በዘገቡት መሠረት፣ ቤዛ የሚከፍሉት ገንዘብ ያልነበራቸው ምርኮኞች የአንሷር ልጆችን ጽሕፈት እንዲያስተምሩ ተደረገ፤ ቤዛቸውም ይኸው ሆነ። አስቡት! ትናንት ሰይፍ የመዘዘ ሰው ዛሬ ለሕፃናት ፊደል ያስቆጥራል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጦርነት ያተረፉትን ለትምህርት አዋሉት። እኛ «ጦርነት ስላለ ትምህርት ይቆይ» ስንል ከማን ሱና ተምረነው ነው?

ሁለተኛው፦ «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ?»

ይህን በግልጽ የሚናገር ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። በልቡ ይዞ በሥራው የሚናገረው ግን ብዙ ነው። ወንዱ ልጅ ከገጠር ሲመጣ በሳምንቱ ትምህርት ቤት ይፈለግለታል፤ ሴቷ ስትመጣ መጀመሪያ የምትታየው ጓዳው ነው።

የሰሓቢያትን ታሪክ እንመልከት። አሽ-ሺፋእ ቢንት ዐብዱላህ (ረ.ዐ) ጽሕፈት የምታውቅ ሴት ነበረች። የነብዩ ባለቤት ሐፍሷን (ረ.ዐ) ጽሕፈት ያስተማረቻት እርሷ መሆኗን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በቡኻሪ ደግሞ አቡ ሰዒድ አል-ኹድሪ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ሴቶች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ወንዶቹ ጊዜዎን ወሰዱብን፣ ለእኛም ቀን ይወስኑልን አሉ። እርሳቸውም ቀን ቀጠሩላቸው፣ አስተማሯቸው። ጥያቄውን ያቀረቡት ሴቶቹ ራሳቸው ናቸው። ማንም «እናንተ ምን ትሠሩበታላችሁ» አላላቸውም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከ2 ሺህ በላይ ሐዲስ ለዚህ ኡማ አስተላልፋለች፤ ታላላቅ ሰሓባዎች ግራ ሲገባቸው ይጠይቋት ነበር።

በዘመናችንም በዲን ስም ሴት ልጅን ከትምህርት የሚከለክሉ አሉ። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፓኪስታን ስዋት ውስጥ ማላላ ዩሱፍዛይ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጥይት ተመታች፤ አላህ አተረፋት። በአፍጋኒስታን ከ2021 ጀምሮ ሴቶች ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳይማሩ ተከልክለዋል። ዩኒቨርሲቲም ሲዘጋባቸው የአል-አዝሀር ታላቁ ኢማም ሸይኽ አሕመድ አጥ-ጦይብ ክልከላው ከሸሪዓ ጋር እንደሚቃረን በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ ዲናችንን እነዚያ ሰዎች በሚሉት አንለካውም።

እዚሁ አገራችን በ2017 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ሙስሊም ሴት ተማሪዎች በሒጃባቸው ምክንያት ከክፍል ሲከለከሉ፣ ከ150 በላይ የሚሆኑትም የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሊያመልጣቸው መሆኑ ሲሰማ ሁላችንም ተቆጣን። ጦርነት ዓመታቸውን የወሰደባቸው ልጆች ነበሩና ቁጣው ትክክል ነበር። ግን አንድ ጥያቄ ራሳችንን እንጠይቅ። የአክሱሟ እህታችን በር ሲዘጋባት የጮኽን ሰዎች፣ በእኛው ቤት ያለችዋን ልጅ በር የዘጋባት ማን ነው? እርሷን ከትምህርት የከለከላት ዳይሬክተር የለም፣ መመሪያም የለም። የከለከላት የእኛ እቃ ማጠቢያ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት፦ «አበላናት፣ አለበስናት፣ አስጠጋናት። ከዚህ በላይ ምን እናድርግ?»

ይህ ከሁሉም ከባዱ ነው፤ ግማሹ እውነት ነውና። ኑሮው ከብዷል። ካዛንቺስን የሚያውቅ ያውቃል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ አብዛኛው የድሮ ሰፈር ሲፈርስ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ጀመዓ ከጀመዓ ተለያይቷል። የትምህርት ዓመቱ ተጀምሮ ሳለ ልጁን ይዞ አዲስ ሰፈር፣ አዲስ ትምህርት ቤት የፈለገ ቤተሰብ ብዙ ነው። የራስን ልጅ ማስተማር በከበደበት ጊዜ የእህትን ልጅ መቀበል ትልቅ ሰደቃ ነው። አላህ ይቀበላችሁ።

ግን ሐዲሱን እናስታውስ። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አጅራቸው እጥፍ ስለሚሆንላቸው ሦስት ዓይነት ሰዎች ሲናገሩ፣ አንዱ በእጁ ያለችን ባሪያ አሳምሮ ሥርዓት ያስያዘ፣ አሳምሮ ያስተማረ፣ ከዚያም ነጻ አውጥቶ ያገባት ሰው መሆኑን ገልጸዋል። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ያኔ ባሪያ ለተባለችው እንኳ ትምህርት ከተወደደ፣ ለእህትህ ልጅ፣ ለወንድምሽ ልጅ እንዴት ይሆን? ልንረዳት አመጣናት፤ ሳናስበው እርሷ ረዳታችን ሆነች። ያለ ደመወዝ፣ ያለ እረፍት፣ «ዘመድ ናት» በሚል ስም። የሠራተኛ ደመወዝ እንኳ ላቡ ሳይደርቅ ይሰጥ ተብለናል። የዚህች ልጅ ደመወዝ ደግሞ እናቷ የጠየቀችው ነው፤ ትምህርት።

የወሎ አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር። ዳና፣ ጌታ፣ ጃማ ንጉሥ ኪታብ ለመቅራት ከሩቅ አገር የመጣውን ደረሳ የአካባቢው ሰው ነበር የሚመግበው። ገበሬው ራሱ ላይቀራ ይችላል። ነገር ግን ከእንጀራው ቆርሶ ለደረሳው ሲሰጥ፣ ደረሳው ነገ ከሚያስተምረው አጅር እንደሚካፈል ያምናል። ደረሳውን አብልቶ «አሁን ከብቴን ጠብቅልኝ፣ ኪታቡ ይቆይ» አይለውም። ያ ልጅ የመጣው ለመቅራት ነዋ!

በቤታችሁ ያለችው ልጅ የዘመናችን ደረሳ ናት። በእግሯ ከጦርነት አምልጣ ዕውቀት ፍለጋ መጥታለች። ኪታቧ የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ቢሆን፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቢሆን መንገዷ ያው የዒልም መንገድ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ኒያዋን ያውቃል።

የካዛንቺስ ሰዎች፣ የሰፈራችሁ ስም ራሱ የጦርነት ቅሪት ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ እኛ ካዛንቺስ አልነው። ያ ወራሪ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የተማረውን ወጣት እየለቀመ ገደለ። ጠላት ሲወጣ አገሪቱ የተማረ ሰው አጥታ ብዙ ተቸገረች። ከጦርነት በኋላ ድልድዩም መንገዱም ይጠገናል። ያልተማረ ትውልድ ግን በሲሚንቶ አይጠገንም። የነገዋን አዋላጅ፣ የነገዋን መምህርት፣ የነገዋን ዓሊማ ዛሬ ጓዳ ውስጥ ካስቀረናት ነገ ከየት እናመጣታለን?

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከዚህ ጁሙዓ እስከሚቀጥለው ጁሙዓ የሚሠሩ ጥቂት ነገሮች እነሆ።

አንደኛ፣ ጠይቋት። «ስንተኛ ክፍል ነበርሽ? ምን መሆን ትፈልጊያለሽ?» በሏት። ዓመት ሙሉ አብራችሁ ስትኖር ይህን ጥያቄ ያልጠየቃችኋት ትኖራላችሁ።

ሁለተኛ፣ ካርድ የለኝም፣ መሸኛ የለኝም ብላ እንዳትቀር። ትምህርት ቤቷ የተዘጋ ልጅ ማስረጃ ቢጎድላት ጥፋቱ የእርሷ አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት ቢመልሳችሁ ሌላውን ጠይቁ፣ የወረዳችሁን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። እርሷ ለአገሩ እንግዳ ናት፤ አብሯት የሚሄድ ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል። የቀኑ ካልሆነ የማታውን ሞክሩ።

ሦስተኛ፣ ሰዓት ስጧት። ከመግሪብ በኋላ ሁለት ሰዓት የእርሷ ይሁን፤ ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። በ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ከ585 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በሰላም የተማረው እንዲህ ከተቸገረ ዓመታት የተቆረጡባት ልጅ ምን ያህል ማንበቢያ ጊዜ እንደሚያስፈልጋት አስቡት።

አራተኛ፣ አቅም ያላችሁ ነጋዴዎችና ሠራተኞች፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚጎድላት ልጅ ፈልጉ። ለተቸገረ ተማሪ ከዘካም ሊሰጥ እንደሚችል ብዙ ዑለማዎች ያስተምራሉ፤ ዝርዝሩን የመስጂዳችሁን ኢማም ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ወጣት እህቶች ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሒሳብ አስጠኗት። የሺፋእ ቢንት ዐብዱላህን ሱና ሕያው አድርጉ።

አንቺም ይህን በተሰነጠቀ ስልክሽ የምታነቢ እህታችን ሆይ፣ ዕድሜዬ አልፏል፣ ትንንሾች ጋር እንዴት እቀመጣለሁ እንዳትይ። አስማእ ቢንት ዑመይስን (ረ.ዐ) አስታውሺ። ወደዚህች ወደ ሐበሻ ምድር ተሰዳ ብዙ ዓመት ቆየች፤ መዲና የደረሰችው ከኸይበር ዘመቻ ጋር በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ዘገየሽ፣ ቀድመንሻል የሚል ነገር በሰማች ጊዜ ዝም አላለችም፤ ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄዳ ጠየቀች። እርሳቸውም ለሌሎቹ አንድ ሂጅራ፣ ለእርሷና በመርከብ ለመጡት ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው አበሠሯት። በስደት የዘገየ ሰው አላህ ዘንድ የኋላ ተሰላፊ አይደለም። አንቺም አልዘገየሽም፤ መንገድሽ ስለረዘመ ነው።

አላህ ሆይ! ለአገራችን ሰላሙን አውርድልን። ከትምህርት ገበታ የተፈናቀሉ ልጆቻችንን መልስልን። በቤታችን ያስቀመጥካቸውን አማናዎች የምንጠብቅ አድርገን። የምታውቀንን እንጂ የምትከሰንን ልጅ በቂያማ ቀን ፊታችን አታቁምብን። ጠቃሚ ዒልምን ለእኛም ለልጆቻችንም ወፍቀን። አሚን ያ ረበል ዓለሚን።

ጁሙዓ ሙባረክ። ይህን ማስታወሻ ዘመድ ላስጠጋ ሰው ሁሉ አድርሱት፤ ከዚያ በፊት ግን ወደ ጓዳ ግቡና ጠይቋት።