ወይን፣ ዝናብና መግረዣ መቀስ

ወይን ሲነሳ ብዙዎቻችን ጣሊያንን ወይም ፈረንሳይን እናስባለን። ገበዝ ማርያም አካባቢ ግን ወይንን የምናውቀው በዘቢብ ነው። ለቅዳሴ የሚዘፈዘፈው ዘቢብ የደረቀ የወይን ፍሬ መሆኑን ልጁም ሽማግሌውም ያውቃል። ታዲያ ዘቢቡን ከገበያ እየገዛን ተክሉን ለምን አላለመድነውም?

በጣሊያኗ ቶስካና ሳንጆቬዜ የተባለው የወይን ዝርያ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አርግፎ ይተኛል፤ ብርዱ ሲለቅ ያቆጠቁጣል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይለቀማል። በእኛ አገር ተክሉን የሚያስተኛ እንዲህ ያለ ብርድ የለም። ስለዚህ ወቅቱን የሚወስነው መቀሱ ነው። ገበሬው ሲገርዘው ያቆጠቁጣል፤ ከዚያ በአራትና በአምስት ወር ገደማ ፍሬው ይደርሳል።

ለዚህ ጥሩው ምሳሌ ዝዋይ (ባቱ) ነው። የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 «ሪፍት ቫሊ» እና «አካሽያ» የተባሉ ወይኖችን ለገበያ አውጥቷል። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። አፈሩ አሸዋማ ነው፣ ውኃ አይቋጥርም። ዝናቡ ትንሽ ነው፤ የጎደለው በመስኖ ይሟላል።

ፍኖተ ሰላም ደግሞ 1,900 ሜትር አካባቢ ነች። ሙቀቷ ለወይን አይከፋም፤ ችግሩ ክረምቱ ነው። አንድ ዘመዴ ጓሮ ያለች የወይን ሐረግ በነሐሴ ታፈራለች፤ ፍሬዋ ውኃ ጠጥቶ ይፈነዳል፣ የተረፈውን ሻጋታ ይበላዋል። ዘመዴ «ዘሩ መጥፎ ነው» ይላል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የዘሩ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። ሐረጓን ማንም ገርዟት አያውቅም!

ኅዳር መግቢያ ላይ ብትገረዝና ከላህ ወይም ከብር ወንዝ በተጠለፈ መስኖ ብትጠጣ፣ መጋቢት ላይ ትደርሳለች፤ ያኔ ዝናቡም እንደ ክረምቱ አይበረታም።

እርግጥ ይህን ስነግረው ዘመዴ አልተዋጠለትም። ወይን ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃል፤ በርበሬ ግን በዓመቱ ብር ይሆናል። «ሦስት ዓመት ልጆቼን ማን ያበላልኛል?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ነው፤ በግማሽ ጥማድ መሬት ቁማር አይጫወቱም። በኋላ የተስማማነው የበርበሬውን ማሳ ሳንነካ ሐረጓን በደጁ ዳስ ላይ እንድናወጣት ነው። ፍሬው ለጠጅ ፋብሪካ ባይበቃም፣ የመጋቢት ፀሐይ ለዘቢብ ማድረቂያ ይበቃል። መቀሱን እኔ አመጣለሁ ብያለሁ።