የትዳር ጓደኛዎን ስትሮክ ሲመታ፦ የአስታማሚው ሥራ

በድንገት አፉ ወደ አንድ ወገን ይጣመማል፣ የያዘው ስኒ ከእጁ ይወድቃል፣ ሊናገር ሲል ምላሱ ይተሳሰራል። በብዙ ቤት የመጀመሪያው ቃል «ምች መታው» ነው፤ ዳማከሴ እንዲያመጣ ልጅ ወደ ጎረቤት ይላካል። ስትሮክ ከሆነ ግን ልጁ እስኪመለስ ድረስ ደም ያልደረሰው የአንጎል ክፍል እየሞተ ነው። የሚከተለው ምክር ለባልም ለሚስትም ያው ነው፤ ለአጻጻፍ እንዲመች ብቻ «ታማሚው» እንላለን።

ቤት ውስጥ

1. ይፈትሹ። ፈገግ እንዲል፣ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ እንዲይዝ፣ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲደግም ይጠይቁት። ፊቱ ከተዛባ፣ አንዱ እጁ ቁልቁል ከወረደ ወይም ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ይበቃል። ምልክቱ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠፋም ሐኪም ቤት መሄድ አይቀርም፤ የትልቁ ስትሮክ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

2. ሰዓቱን ይያዙ። ሐኪሙ የሚፈልገው ታማሚው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ነው። ከእንቅልፉ ሲነሳ ከታመመ፣ ማታ ደህና ሆኖ የተኛበት ሰዓት ይቆጠራል። የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ በሚገኝበትም ቢሆን የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚኖሩ ከሆነ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይናገሩ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያሉት ሌሊት 2 ተብሎ ከተጻፈ ስድስት ሰዓት ያለ አግባብ ተቃጠለ ማለት ነው።

3. ይደውሉ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። አምቡላንሱ ከዘገየ የተገኘው መኪና ይሂድ። በመንገድ ላይ ሳሉ ሌላ ሰው ሲቲ ስካን የሚሠራበትን ሆስፒታል በስልክ ያጣራልዎ።

4. በአፉ ምንም አይግባ። ውኃም፣ ቡናም፣ የግፊት ኪኒንም፣ አስፒሪንም። ጉሮሮው ደክሞ ሊሆን ስለሚችል የጎረሰው ወደ ሳንባው ይወርዳል። አስፒሪን ደግሞ ስትሮኩ ከደም መፍሰስ የመጣ ከሆነ ያባብሰዋል፤ መፍሰስ ይሁን መርጋት የሚታወቀው በሲቲ ስካን ነው። ጠበል ይረጩት፤ ማጠጣቱ ግን ይቆይ። ካስመለሰው ወይም ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት።

ሆስፒታል

የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መርጋት ነው ወይስ መፍሰስ? መዋጥ መቻሉ ተፈትኗል? ፊዚዮቴራፒ መቼ ይጀመራል?

ከዚህ በኋላ ያለው በአብዛኛው የአስታማሚ ሥራ ነው፤ በእኛ ሆስፒታሎች ይህን ሸክም ነርስ ብቻዋን አትችለውም። ራሱን ማገላበጥ የማይችል ታማሚ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፤ አለዚያ ጀርባው ይቆስላል። የደከመውን እጅ ትራስ ላይ ያሳርፉለት። ሲያነሱት ያንን እጅ ይዘው አይጎትቱ። ትከሻውን የሚይዙት ጡንቻዎች ስለላሉ መገጣጠሚያው ይወልቃል፤ በኋላ የሚመጣው የትከሻ ሕመም ደግሞ ፊዚዮቴራፒውን ያስጠላዋል። በወገቡና በጀርባው በኩል ደግፈው ያንሱት።

መዋጥ ይችላል ከተባለ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ በትንሽ ማንኪያ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ መውረዱ ታይቶ ሁለተኛው ይሰጠው። ብዙ ሰው ቀጭን ነገር ይቀላል ይላል፤ ለእንዲህ ያለ ታማሚ ግን ከወፈር ካለ አጥሚት ይልቅ ውኃ ያስቸግራል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። ከሳለ ወይም ድምፁ እርጥብ እርጥብ ካለ ያቁሙና ለነርሷ ይንገሩ። ከሁሉ በላይ ጠያቂውን ይጠብቁ። ጭማቂ ይዛ የመጣችው አክስት በፍቅር ታጎርሰዋለች፤ እርስዎ ደግሞ በይሉኝታ ዝም ይላሉ። ዝም አይበሉ! «እትዬ፣ ሐኪሙ ከልክሏል» ማለት ነውር የለበትም።

ግራ ጎኑ የደከመ አንዳንድ ታማሚ የግራውን ዓለም ይረሳል። እንጀራውን በቀኝ በኩል ያለውን ብቻ በልቶ «አለቀ» ይላል። ጠግቧል ብለው አይንሱት፤ ሳህኑን ያዙሩለት። ቀኝ ጎኑ የደከመ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቃል ይጠፋበታል። መስማት አልተሳነውምና አይጩኹበት፤ አዎ ወይም አይ የሚባል አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁና መልሱን ይጠብቁ። ስሙን መጥራት ያቃተው ሰው አቡነ ዘበሰማያትን ወይም የሚያውቀውን መዝሙር ሳይደናቀፍ ሊወጣው ይችላል። ይህ የማስመሰል ምልክት አይደለም፤ በቃል የተያዘ ነገር በአንጎል ውስጥ ሌላ መንገድ አለው።

ቤት ሲመለሱ

ቁጢጥ ብሎ መቀመጥ ስለማይችል የፕላስቲክ ወንበር መሐሉን ቆርጠው ከሥሩ ባልዲ ያድርጉ። ሸሚዝ ሲያለብሱት የደከመው እጅ ይቅደም፤ ሲያወልቁ የደከመው በመጨረሻ ይውጣ። ከዚያ በኋላ የሚከብደው እጅዎን መሰብሰብ ነው። ቁልፉን ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ቢፈጅበትም ይቆልፍ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሰውነት ፈጥኖ የሚመለስባቸው ናቸው፤ ሁሉን የሚሠራለት ሰው ያለው ታማሚ ይህን ጊዜ ተኝቶ ያሳልፈዋል።

ያለ ምክንያት ሊያለቅስ ወይም ሊስቅ ይችላል፤ የአንጎሉ ጉዳት ነውና አይቆጡት። ከሦስት ታማሚ አንዱ ያህል የድብርት ሕመም ይይዘዋል። እንቅልፍና ምግብ ከጠላ፣ ልምምዱን እምቢ ካለ፣ «ምን ይሠራልኛል» ማለት ከጀመረ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ መድኃኒት አለው።

ተቀጣሪ ከሆነ የሐኪም ማስረጃውን ለአሠሪው ቶሎ ያድርሱ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ።

ግፊቱን በደብተር ይመዝግቡ፤ ወጡም ጨው ይቀንስ። ጾም ሲገባ መድኃኒቱ በምን ሰዓት እንደሚወሰድ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገሩበት፤ የንስሐ አባቱም ይወቁት። ግፊቱ የወረደው ኪኒኑ ስለሠራ ነው፤ «ዳንኩ» ብሎ ካቋረጠው ተመልሶ ይወጣል፣ ሁለተኛው ስትሮክም ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል። ኪኒኑ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ይግዙ።