አንዲቱን የማግኔት ቅንጣት ለይቶ ስለ መለካት

የደቻቱ ወንዝ በደረቀ ጊዜ ማግኔት በወረቀት ጠቅልላችሁ በአሸዋው ላይ ብታመላልሱት ጥቋቁር ቅንጣቶች ይጣበቁበታል። ይህን ጠባይ ከሚሰጧቸው ማዕድኖች ዋነኛው ማግኔታይት ይባላል። ይኸው ማዕድን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ዓይን በማያየው መጠን ተበትኖ ይገኛል። መጠኑም የሚለካው በናኖ ሜትር ነው። አንድ ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ሲሆን፣ የሰው ጠጕር ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ያህል ነው።

ይህን ያህል ያነሰ ነገር መመርመር ምን ይጠቅማል? የቀለጠ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ፣ ደለልም ሲረጋ፣ ቅንጣቶቹ የዘመኑን የምድር ማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ። የምድር ማግኔት ደግሞ ሰሜንና ደቡቡን ሲለዋውጥ ኖሯል፤ የመጨረሻው ለውጥ ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነበር። በ1967 ዓ.ም. በአፋር፣ በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ዕድሜ እንዳላት ሲታወቅ፣ ከእሳተ ገሞራው አመድ ልኬት ጋራ ይህም ምስክርነት ረድቷል።

ነገር ግን ምስክር ሁሉ አይታመንም። ከ30 ናኖ ሜትር ገደማ በታች የሆነች የማግኔታይት ቅንጣት የአየሩ ሙቀት ብቻ ስለሚያናውጣት የያዘችውን አቅጣጫ ትረሳለች። ከዚያ ጥቂት የበለጠችው ግን ለሚሊዮን ዓመታት ትጠብቀዋለች። ድንጋዩን በሙሉ ብንለካ የምናገኘው የሁሉንም ድምር ነው። ይህም የቀፊራን ገበያ ጫጫታ ከሩቅ እንደ መስማት ነው፤ ገበያው መድመቁ ይታወቃል እንጂ ማን ምን እንዳለ አይለይም።

ስለዚህ ሊቃውንት አንዲቱን ብቻ ለይተው ይለካሉ። ሥራውም በሦስት ደረጃ ይከናወናል።

1ኛ/ ቅንጣቶቹ በፈሳሽ ተበጥብጠው አንዲት ጠብታ በለስላሳ ገጽ ላይ ትደርቃለች። በገጹ ላይ የተቀረጹት ምልክቶች እንደ ቤት ቁጥር ያገለግላሉ።

2ኛ/ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቅንጣቲቱ ብቻዋን መሆኗ ይረጋገጣል። ሁለት ተጣብቀው ቢገኙ አንዷ የሌላዋን ማግኔት ስለምትነካ ልኬቱ ያሳስታል።

3ኛ/ በመርፌ ጫፍ እየዳሰሰ በሚያይ ማይክሮስኮፕ ቀስ እየተገፋች ወደ መለኪያው ትጠጋለች። ይህን መሣሪያ ቢኒግ፣ ክዌትና ገርበር በ1986 እ.ኤ.አ. አስታወቁ።

ቦታዋ በጥንቃቄ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የማግኔቱ ኃይል ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በ1997 እ.ኤ.አ. ቬርንስዶርፈርና ባልደረቦቹ በፈረንሳይ አገር፣ በግሬኖብል፣ 25 ናኖ ሜትር ያህል የሆነችን አንዲት የኮባልት ቅንጣት በዚህ ዓይነት ቅርበት ለኩ። መለኪያቸውም በብርቱ ቅዝቃዜ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የሚያሳልፍ ታናሽ ቀለበት ነበረ።

እንግዲህ የትኛዋ ቅንጣት እንደምትረሳ፣ የትኛዋም እንደምታስታውስ ማወቅ የድንጋዩን ቃል ለማመን መሠረት ነው። ድንጋዩ በደጃችን አለ፤ ትምህርቱንም ተግተን ብንይዝ የአገራችንን ጥንታዊ መዝገብ ራሳችን ለማንበብ እንበቃለን።